ያልወለደ ምን ያውቃል?

በአማርኛችን ስድብ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ነውረኛ ሰው ሲያጋጥመን «አሳዳጊ የበደለው!» እንላለን። «ስድ አደግ» እንላለን። ብሶብን ከሆነ ደግሞ «ሴት ያሳደገው» ብለን፣ ሰውየውን ትተን ብቻዋን ስትለፋ የኖረችውን እናቱን እንሰድባለን። «ወላጅ የበደለው» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼን በዚህ ነገር ስነዘንዛቸው ኖሬያለሁ፤ «ስድብን ንቃችሁ አትለፉት፤ ሕዝብ ለምን ነገር ዋጋ እንደሚሰጥ ከምርቃቱ ይልቅ ስድቡ ይናገራል» እያልኩ። በዚህ ስድብ ዳኝነት ከሄድን፣ ሰው ሲበላሽ የሚጠየቀው የወለደው ሳይሆን ያሳደገው ነው።

መቼም አማርኛ አንድ ነገር ብሎ ዝም አይልም። ዞር ይልና ደግሞ «ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ፣ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ» ይላል። አሁን የቱን እንመን?

ጥያቄው የመጣብኝ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉልበትን ከአገጭ በሚያገናኝ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል። (እኔ እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።) አጀንዳው የቤት ሥራ ነው። ልጆቹ የቤት ሥራ አይሠሩም፣ ሲጠየቁ «ሠርቻለሁ» ይላሉ፣ ወላጅ ይጮኻል፣ መምህር ይጮኻል። በዚህ መሃል አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት እጇን አወጣችና፣ «‹ሠርተሃል ወይ?› ብለን ስንጠይቀው እንዲዋሽ እኛው እያመቻቸንለት ነው። እኔ ‹የቱ ጥያቄ ከበደህ?› ነው የምለው። ያኔ ደብተሩን ራሱ ያወጣዋል» አለች። እኔ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ ስብሰባ ይዤ የወጣሁት ይህንኑ ብቻ ነው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ግን ዞር ብሎ፣ «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው?» አላት።

«የኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ስለማይለቃት ሁሌም የምመጣው እኔ ነኝ። እኔ እንኳ አልወለድኩም።»

«እንግዲያው ወልደሽ ስታይው ያኔ እናወራለን!»

ቤቱ ሳቀ። ሴትየዋ ተቀመጠች። ስለ ቤት ሥራው የተናገረችውን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳው የለም።

ከስብሰባው በኋላ ሻይ ላይ ወሬው ስለ እሷ ሆነ። ልጅ የሌለው ሰው ልጅ ያላቸው በሚመካከሩበት ቦታ ምን ይሠራል? አንዱ «አምሯት ነው፣ ምስኪን» አለ። አንዷ «ቅናትም አይጠፋበት» አለች። ሌላው ደግሞ «ሥራ መፍታት ነው ወንድሜ፣ የራሱ ጣጣ የሌለው ሰው የሰው ጣጣ ይቆጥራል» ብሎ ደመደመ። ናፍቆት፣ ቅናት፣ ሥራ ፈትነት። ሦስቱም መልሶች ሴትየዋን እንግዳ ያደርጓታል፤ ከውጭ መጥታ በሰው ሠርግ እንደምትበላ ሰው። እኔን የቆረቆረኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ ለረጅም ዘመን የወላጆች ብቻ ሸንጎ አልነበረም።

ክርስትናን ውሰዱ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እዚያ ሲደረስ ከእናትና ከአባት ሌላ አንድ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ለወንዱ ወንድ፣ ለሴቷ ሴት። ይህ ሰው ሕፃኑን ወክሎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ከውኃው የወጣውን ልጅ የሚቀበለውም እሱ ነው። «ክርስትና አነሳ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቃሉ እጅ ያለበት፣ ክብደት ያለበት ቃል ነው። ካህኑ ይህን ሰው ስለ ሃይማኖቱ ይጠይቁት ይሆናል እንጂ «ወልደሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁትም። ወለደም አልወለደም ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የክርስትና አባት ነው። ዝምድናውም የቀልድ አይደለም፤ የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባቱ ቤት ጋብቻ አይመሠርትም፣ እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጠራልና።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን «አበልጅ» የምትለው ቃል ነች። የክርስትና አባትና የልጁ ወላጆች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩባት ነች። ልብ በሉ፣ ይህች ቃል ልጁን ከአሳዳጊው ጋር ብቻ አይደለም የምታዛምደው፤ ልጅ የሌለውን ሰው ልጅ ካለው ሰው ጋር እኩል አድርጋ ነው የምታስቀምጠው። አበልጅ የሆነ ሰው በበዓል ቀን መጥቶ ልጁን ያያል፣ ከስቶ ካገኘው «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አባትየው እጁን ካበዛ «ምነው አበልጅ፣ ምነው?» ብሎ ይገሥጻል። ለምን ገባህ የሚለው የለም። መግቢያው በስሙ ላይ ተጽፏል።

ከክርስትናም ወጣ ብሎ ሌላ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ምጽዋ ደርሶ ሦስት ዓመት ያህል በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ልማድ መዝግቧል። ሰው ከእሱ ለሚበልጥ ሰው ልጅ መሆን ሲፈልግ የዚያን ሰው እጅ ይዞ ጣቱን ይጠባል፣ «ልጅህ ነኝ» ይላል፤ የተጠባውም ሰው ከዚያ ወዲያ እንደ አባት በሚችለው ሁሉ ሊረዳው ይገደዳል። የጡት ልጅና የጡት አባት የምንለው ነገር መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ ጠቢው ብዙ ጊዜ ጢም ያወጣ ጎልማሳ ነበር፤ የሚፈልገውም ወተት ሳይሆን ጉልት ወይም ከለላ ነው። ነገሩ ፖለቲካ ነበረበት። ቢሆንም አስቡት፤ የወንድ ጣት፣ ያውም የጦር መሪ ጣት፣ ጡት ተብሎ ተጠባ፤ አገሩም ሁሉ ይህንን ዝምድና ብሎ ተቀበለው።

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ታሪክም ያስደስተኛል። ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሥሩም ማደግን፣ ማሳደግን የሚናገር ነው። በኦሮሞ ባህል ያልወለዱ ባልና ሚስት ልጅን ወስደው እንደ አብራካቸው ክፋይ የሚያሳድጉበት ሥርዓት ነው። አማርኛው ቃሉን ወሰደ፣ ቀጥሎ ሕጉ ወሰደው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ የሕግ ቋንቋችን ያልወለደ ሰው ወላጅ የሚሆንበትን መንገድ ሲሰይም፣ ከሁሉም ቃል መርጦ «ማሳደግ»ን ያዘ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ያው ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አይቆርጠውም። ልጁ አንዱን ቤት ለማግኘት ሌላውን ቤት ማጣት የለበትም።

ሙስሊሞች ወገኖቻችንም ከእኛ ይበልጥ እንጂ የማያንስ ታሪክ አላቸው። የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ዓኢሻ አልወለዱም። በዐረቦች ልማድ ደግሞ ሰው በልጁ ስም መጠራት ክብሩ ነው፤ «የእገሌ እናት» ይባላል። ዓኢሻም ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያለ መጠሪያ እንዳላቸው አንስተው ሲናገሩ፣ በእህታቸው በአስማ ልጅ በዐብዱላህ ስም እንዲጠሩ ተፈቀደላቸው። ኡሙ ዐብዱላህ ተባሉ፤ የዐብዱላህ እናት። አክስት ናቸው እኮ! ግን እናት የሚል ስም ተሰጣቸው፤ እስከ ዛሬም የሚታወቁበት ነው።

ያለፈውን ዘመን ማር ብቻ አስመስዬ ልሸጥላችሁ ግን አልፈልግም፤ በዚህ ረገድ የጋዜጣ ጸሐፊዎች ብዙ ኃጢአት አለብን። «ላስተምርልህ» ተብሎ ከገጠር ዘመዱ ቤት የመጣ ስንቱ ልጅ ነው ውኃ ቀጂና ከብት ጠባቂ ሆኖ የቀረው። ያልወለደችን ሴት ደግሞ አገሩ ሁሉ ሲያቆስላት ኖሯል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የእሷ ነበር፤ ባልየው መካን ይሆናል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ሌላ ያገባባታል፣ ወይም ወደ አባቷ ቤት ይሰዳታል። አራስ ጥየቃ ስትሄድ ገንፎው ይቀርብላታል፣ ሕፃኑ ግን ዓይን እንዳይበላው ሸፈን ይደረጋል። ምርቃቱ እንኳ የሚያም ነው፤ «ወልደሽ ሳሚ!» ይላሉ አሮጊቶቹ ከልባቸው። ሃምሳ ዓመት ለሞላት ሴት ይህን ሲሉ የሰማሁ ጊዜ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ነበር።

ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከሐሜት አልፎ የሥልጣን ጉዳይ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን ሲያገቡ ከዚያ ቀደምም አግብተው የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ያኔም ኋላም አልወለዱም። አዲስ አበባን የሰየሙት፣ በዐድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው የተሰለፉት፣ ንጉሡ ሲታመሙ መንግሥቱን በእጃቸው የያዙት እኚህ ሴት ናቸው። በዙሪያቸው ዘመድ ማብዛትን ያውቁበታል፤ የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ የዳሩት እሳቸው ናቸው። ሆኖም በ1901 ዓ.ም. የምኒልክ የልጅ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተባለ፤ ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከሥልጣን አራቋቸው፤ ኋላም እንጦጦ ማርያም ሆነው በ1910 ዓ.ም. አረፉ። ታሪክን «ቢሆን ኖሮ» እያሉ መጻፍ አልወድም። ግን የዚያን ዘመን ሰዎች ራሳቸው የሚያውቁትን ሐቅ መካድ አይቻልም፤ እቴጌይቱ ወንድ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ «ሞግዚት» የሚለው ሹመት ከእጃቸው አይወጣም ነበር። ሞግዚት! ዛሬ ሕፃን ለምታዝል ልጅ የምንሰጠው ስም ያኔ አገር የሚያስተዳድር ሰው ማዕረግ ነበር።

ወደ ስብሰባው ሰውዬ ልመለስ። «ወልደሽ ስታይው» ሲል ስለ እውቀት ነው የተናገረው፤ መውለድ በራሱ ያስተምራል ማለቱ ነው። ይህን ክርክር በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። ሌሊት ሙሉ ትኩሳት ያለበት የራስን ልጅ ታቅፎ ማደር ከየትም መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው፣ አምናለሁ። ግን የአስተዳደግን ዕውቀት እነማን እንደጻፉት ዘወር ብለን ብናይ ደግሞ አስቂኝ ነገር እናገኛለን።

ጆን ሎክን የፖለቲካ ፈላስፋ አድርገን ነው የምናውቀው። ሰውዬው አላገባም፣ አልወለደም። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ በሆላንድ ስደት ላይ ሳለ ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል ወዳጁ ልጁን እንዴት እንደሚያሳድገው ጠየቀው። ሎክ ጻፈለት። ደግሞ ጻፈለት። ዓመታት አለፉ፤ ደብዳቤዎቹ ተጠራቀሙና በ1693 ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚናገር መጽሐፍ ሆነው ወጡ፣ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ስንትና ስንት ወላጅ አነበበው። የሚመክረው ሁሉ አያስኬድም። ለምሳሌ የልጁ እግር በየቀኑ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ጫማውም ውኃ የሚያስገባ ስስ ይሁን ይላል፤ እግሩ እንዲጠነክር። (የእኛን አገር እረኞች ቢያይ ኖሮ ጫማውንም ያስቀረው ነበር።) ነገር ግን ልጅን በዱላ ማሳደግ የባርያ ጠባይ ያወርሰዋል፣ ልጅን እንደ አቅሙ በምክንያት አናግሩት፣ ትምህርቱ እንደ ጨዋታ ይሁንለት ብሎ የጻፈው ይህ ወንደላጤ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መጽሐፉ አይደለም፣ ደብዳቤዎቹ ናቸው። አንድ ስደተኛ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ጤናው የማይረባ ሰው፣ በባሕር ማዶ ያለ የሰው ልጅ ጥርሱ ስለ ማብቀሉና ሆዱ ስለ መድረቁ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ይጽፋል። ምን ፈልጎ ነው? ናፍቆት ነው እንበል? ሥራ መፍታት ነው እንዳንል፣ በዚያው ወራት የዓለምን ፍልስፍና የሚቀይሩ መጻሕፍት እያዘጋጀ ነበር። አባትየው ደግሞ «ወልደህ ስታየው እናወራለን» አላለውም። አስር ጥያቄ ጨምሮ መለሰለት እንጂ።

ከሰባ ዓመት በኋላ ዣን ዣክ ሩሶ መጣ። በ1762 ያወጣው «ኤሚል» የልጅ አስተዳደግ ታላቅ መጽሐፍ ተባለ። ሩሶ ግን ወልዷል፤ አምስት ልጆቹን፣ ራሱ ኋላ እንደተናዘዘው፣ አንድ በአንድ ለፓሪስ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰጥቷቸዋል። ወልዶ አይቶታል እንግዲህ! ሌላ አልጨምርም።

መዋዕለ ሕፃናትን ለዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብልም ሁለት ጊዜ አግብቶ ልጅ አላፈራም። እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። ያኑሽ ኮርቻክ፣ የዋርሶው ሐኪም፣ አላገባም አልወለደም፤ ግን ልጅን ስለ መውደድ ጻፈ፣ የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ቤት መራ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ናዚዎች ሁለት መቶ ያህል ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዷቸው ራሱን የማዳን ዕድል ቀርቦለት እምቢ ብሎ አብሯቸው ሄደ። እኛም ጋ ቢሆን የሰባት ዓመቱን ልጅ ተቀብለው ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊት ያስደገሙት የኔታዎች ስንቶቹ መነኮሳት ነበሩ! «እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ አልወለዱም» ብሎ ልጁን የመለሰ አባት መኖሩን አላነበብኩም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? እኔ የተለወጠው ግቢው ይመስለኛል። ያደግሁበት ግቢ ስድስት ቤት አንድ በር ነበረው። ከስድስቱ ቤት ሁለቱ ልጅ የላቸውም። አፍንጫዬን የጠረገችኝም፣ የቆነጠጠችኝም፣ ፈተና ስወድቅ ከእናቴ ጀርባ የደበቀችኝም ከእነዚያ ከሁለቱ ቤት የአንደኛው እመቤት ነች። (መቆንጠጡ ቀርቶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «ልጅ የጎረቤትም ነው» የምትለው ውብ አባባል ብዙ ልጅ አስደብድባለች፤ ያ በመቅረቱ አላዝንም።) ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ላይ እያንዳንዱ ቤት የብረት በሩን ዘግቷል። አንድን ልጅ በደረጃው ላይ «ተው፣ ትወድቃለህ» ለማለት ሰው ሁለቴ ያስባል፤ «ልጄን ምን አገባህ?» ሊባል ይችላላ። ልጅ የባልና የሚስት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የእናት ብቻ ሆነ። እሷ ብቻዋን ታፈነች፣ ያልወለደው ደግሞ ስም አጣ።

ስም አጣ ስል የማጋነን እንዳይመስላችሁ። ድሮ በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የወላጅ/የአሳዳጊ ስም» ይል ነበር። ያችን ዘንባላ መስመር እወዳታለሁ፤ ሁለቱን እኩል አስቀምጣ ትለያለች። ዘንድሮ ምዝገባ ስሄድ መዝጋቢዋ ልጅ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ «ከተማሪው ጋር ያልዎት ዝምድና?» አለችኝ። «አበልጅ ነኝ፤ የክርስትና አባቱ» አልኳት። ፈለገች። «አባት፣ እናት፣ ሌላ ነው የሚለው» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «ሌላ» ተብዬ ተመዘገብኩ።

ይኸውላችሁ፣ ስብሰባው ላይ የነበርኩት ለዚህ ነው። እኔም አልወለድኩም። የወዳጄ ልጅ የክርስትና ልጄ ነው፤ አባቱ በሕይወት የለም። ሴትየዋ ስትናገር ዝም ብዬ የሰማሁት ስለ እውነቷ ነው እንጂ ስለ ሐዘኔታ አልነበረም፤ የቤት ሥራው ችግር የእኔም ቤት ችግር ነውና።

ስም ማጣት ከቅጹም በላይ የሚያምበት ቦታ አለ። በሰፈሬ ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ አለች። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ሄዳ ሰባት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋለች፤ ከአራስነቱ ጀምራ። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በዱባይ ስንቶቹ እህቶቻችን ይህንኑ ይሠራሉ። ገና ያላገቡ ናቸው፤ ግን እረፍት ባገኙ ጊዜ ተገናኝተው ሲያወሩ ብትሰሟቸው የሆድ ቁርጠት፣ የጥርስ፣ እምቢ ያለ ጡጦ ወሬ ነው፤ አሥር የወለዱ ይመስላሉ። ይህች ልጅ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ የሕፃን ካልሲ ይዛ መጥታለች። «ልጄ» ትለዋለች። ልጁ አሁን ስምንት ዓመቱ ይሆናል፤ የእሷን ስም ያስታውስ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከሕፃን ልጅ ጋር ተለያይታ ስታለቅስ «ያጽናሽ» ያላት ሰው የለም፤ ምክንያቱም በእኛ መዝገብ የሞተባትም የጠፋባትም የለም። ሥራዋን ጨርሳ ነው የመጣችው፣ አለቀ። እሷ ታዲያ የአራስ ወሬ ያለበት ቤት ሁሉ ትገኛለች። ሰፈሩም ሐሜቱን አላጎደለባትም፤ «አምሯት ነው» ይላል።

አምሯት ሊሆን ይችላል። ናፍቆቱ ውሸት ነው አላልኩም። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው ያየዋል፤ ስለቷ ሰምሮላት ልጇን አዝላ የመጣችውና ገና ልትሳል የመጣችው አንድ ሕዝብ ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚቆሙት። ማንም ማንን «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አይልም። ሰው ወደ ጎደለው ነገር መሄዱ ነውር የሚሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ቅናትም ይኖራል፣ ሰው ነን። ነገር ግን አብዛኞቹ እኔ የማውቃቸው ያልወለዱ ሰዎች የልጅ ወሬ ወዳለበት የሚሄዱት ልጅ ስላላቸው ነው፤ የእህት፣ የጎረቤት፣ የአሠሪ፣ የክርስትና ልጅ። ትኩሳቱ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለባቸው። ሎክም ያለ ምክንያት አልጻፈም፤ ሐኪምና የመኳንንት ልጆች አስተማሪ ሆኖ ኖሯል። ሳይወልድ አሳድጓል።

ወይዘሮ አበበች ጎበናም እንዲሁ። አባታቸው ከጣልያን ጋር በተደረገው ጦርነት ሲሞቱ የአንድ ወር ሕፃን ነበሩ፤ ገና በልጅነታቸው ሲዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ሲወጡ ረሃብ ላይ ደረሱ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ያንንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው «ወይ እኛን ወይ እነሱን» አሏቸው። እሳቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ «እናቴ» ብሎ ያለቀሰላቸው ስንት ሰው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ባልየው በዚያን ጊዜ ምን ብሎ ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። «ሳትወልጂ እናትነት ምን አስቸኮለሽ?» ብሎ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ምስኪኑ ሰውዬ ቤቱ ስለ ጠበበው ብቻ ይሆናል።

ከክርስትና ልጆቼ ትልቋ፣ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት፣ እሷን እንኳ ያነሳኋት እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነች፣ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዳለች። ማርያም ማርታታለች። የልጅቷ ሰማንያ ቀን የፊታችን እሑድ ነው። «ክርስትናዋን ማን ያንሳልኝ?» ብላ ስታማክረን ባለቤቴ ያቺን ከቤይሩት የተመለሰችውን ልጅ ስም ጠራች። ትናንት ማታ ቤቷ ሄደን ነገርናት። ቡና እያፈላች ነበር። «እኔ? ሳልወልድ?» አለች።

ካህኑ ያንን አይጠይቁም አልኳት። ነጠላ አዘጋጂ፣ ለልጅቷ የአንገት ማተብ ግዢ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መጥተን እንወስድሻለን፤ ታክሲ በዚያ ሰዓት ስለማይገኝ የጎረቤቴን መኪና ለምኛለሁ።